ውሃን በጥርሳቸው ያዳመጡ አባት፦ የአቶ ሽመክት ኤርጫፎ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽመክት ኤርጫፎ ከአባታቸው ከአቶ ኤርጫፎ ማዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሻሼ ጋልሻ በ1947 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው «መስቀል አልፎ፣ የደመራውን አመድ ገና ዝናብ ሳይነካው» ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ልደታቸውን መስከረም ሃያ ላይ አኑሮታል። የክርስትና ስማቸው ገብረ ሚካኤል ነው።

የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ዘመድ ነበር። ባለቤታቸው ወ/ሮ በለጥሽ ይፍሩ ግን «ዘመድ ደግ ደጉን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ አጥር ለአጥር የኖረ ይጻፈው» ስላሉ ነገሩ ወደ ጎረቤት ዞሯል። እንግዲህ በዚህ በኀዘን ቀን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር የገጠመው ለቀስተኛ ቢኖር ጥፋቱ የእሳቸው ነው።

የአቶ ሽመክት አባት ሸማኔ ነበሩ። የደጋው ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነውና ድምፅ አይደብቅም። ጉሙ እንሰቱን ውጦት ሦስት እርምጃ አርቆ ማየት በማይቻልበት ጠዋት፣ ሕፃኑ ሽመክት ከቤቱ ጀርባ ቆመው ጆሯቸውን ቀርከሃው ላይ ይለጥፉና የመወርወሪያውን መመላለስ ያዳምጡ ነበር። አባታቸው ገና ነጩን እየሸመኑ ይሁን ጥለቱ ላይ ደርሰው፣ ከውጭ ሆነው ይናገራሉ። «አሁን ጥለት ጀመሩ» ይላሉ፤ ተገብቶ ሲታይ ጥለት ተጀምሯል። አባትየው በዚህ ተደስተው አያውቁም። «ጆሮ ሸማ አይሠራም፤ ና እጅህን አምጣ!» ይሏቸው ነበር። እጃቸው ግን ክር አልወደደም። ጆሯቸው ቀድሞ የሆነ ቦታ ሄዶ ነበር።

እስከ አራተኛ ክፍል ጨንቻ ተማሩ። በ1961 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመታቸው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በእግራቸው ወርደው አርባ ምንጭ ገቡ። ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ ዓይናቸው ይርቅ ነበር። ጉሙ ከኋላቸው ቀርቶ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታው፣ ከአንድ መታጠፊያ ላይ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ አዩ። አባያ ደፍርሶ፣ ጫሞ ጠርቶ፣ በመካከላቸው ደን የለበሰው ሸንተረር ተጋድሞ። «አንዱ እንደተኛ ነው፣ አንዱ ነቅቷል። የነቃው የተኛውን ይጠብቀዋል» ይሉ ነበር። ይህን ያህል መንገድ የመጡት ሥራ ፍለጋ ነበር ወይስ ሐይቅ ሊያዩ ብሎ ለጠየቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እኔ እንጃ፤ እግሬ ነው የመጣው።»

በማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍልን ጨረሱ። በ1965 ዓ.ም. የቧንቧ መስመር ቁፋሮ ላይ በቀን ሠራተኝነት ገቡ፤ በ1970 ዓ.ም. በቧንቧ ጥገና ሠራተኝነት በቋሚነት ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሥራቸው አንድ ነበር፤ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ መፈለግ። የከተማው ውሃ ከገደሉ ሥር፣ ከደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ተገፍቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ይወጣል፤ ከሴቻው ታንከር ደግሞ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ይወርዳል። በመካከሉ የሆነ ቦታ ቧንቧ ከተሰበረና የፈሰሰው ውሃ ከመሬት በላይ ካልታየ፣ ያን ጊዜ የት እንደሆነ የሚነግር መሣሪያ አልነበረም። የነበረው አቶ ሽመክት ናቸው፤ ከእሳቸውም ጋር ቁመቷ አንድ ሜትር ከስንዝር የሆነች የፌሮ ቁራጭ።

ጎህ ሲቀድ፣ መኪና ሳይነሣ፣ ፌሮዋን ቧንቧው ባለፈበት መሬት ላይ ይተክሉና ጫፏን ከጆሯቸው ያገናኛሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይቆያሉ። አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ ደግሞ ይቆያሉ። የሚያያቸው ሰው ቆመው የሚያልሙ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እዚህ ጋ» ይላሉ። አካፋ ያነሣ ሁሉ ውሃ አግኝቷል። «ውሃ ሲያፈስ ይጮሃል የሚል ውሸቱን ነው። ያንሾካሹካል እንጂ» ይሉ ነበር።

ትዳራቸውንም ያገኙት እንዲሁ ሲያዳምጡ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሲቀላ፣ የጫሞን ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ይፈልጉ ነበር። ፌሮዋን የሆነ ቦታ ረስተዋት ስለነበር መሬቱ ላይ ተዘርግተው ጆሯቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ። ዓይናቸው እንደ ልማዳቸው ተጨፍኗል። የቤቱ ልጅ በለጥሽ ከጓዳ ስትወጣ አንድ የማታውቀው ሰው ደጇ ላይ ወድቋል። ጮኸች፤ አልተንቀሳቀሰም። ዓሣ የታጠበበትን ባልዲ እንዳለ አናቱ ላይ ደፋችበት። አቶ ሽመክት ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡና፣

«እትዬ፣ አሁን የቱ ከላይ የቱ ከታች እንደሚፈስ በምን ልለየው?» አሏት።

ወ/ሮ በለጥሽ እስከ ዛሬ «በሳቅ ነው ያገባሁት፤ የዓሣው ሽታ እስኪለቀው ግን ሦስት ወር ፈጀ» ይላሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። በ1979 ዓ.ም. ወንዱን ልጃቸውን ደግነትን፣ በ1984 ዓ.ም. ሴቷን ኖላዊትን ወለዱ። ደግነት ዛሬ ካምባ ወረዳ ውስጥ መምህር ነው። ኖላዊት በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመልሳ በከተማችን በሒሳብ ሠራተኝነት ታገለግላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወ/ሮ በለጥሽ «እሱን ካልጻፋችሁት ምኑን ጻፋችሁት» ብለዋልና።

ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አቶ ሽመክት ለጎረቤት አስቸጋሪ ሰው ሆኑ። ከአጥሩ ማዶ ሆነን «ጋሽ ሽመክት!» ብለን ሰባቴ ብንጠራ ቀና አይሉም። ሲያዩን ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ሰላም ይላሉ፤ የሚሰጡት መልስ ግን ከጥያቄው ጋር አይተዋወቅም። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ሐሙስ ይመጣል» ይላሉ። «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ሲባሉ «ሐሙስ፣ ሐሙስ» ይላሉ። የእኛ ሰፈር የውሃ ተራ ሐሙስ ነበር፤ በከተማው ውስጥ ያገኛቸው ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸውም ውሃው መቼ እንደሚመጣ ብቻ ስለሆነ፣ አፍ ሲንቀሳቀስ ባዩ ቁጥር ይህንኑ ይመልሱ ነበር። አንድ ጊዜ ወንድሙ የሞተበት ሰው መርዶውን ሊነግራቸው ቢቆም «አይዞህ፣ ሐሙስ ይመጣል» አሉት። ሰውየው ትንሣኤን የነገሩት መስሎት ተጽናንቶ ሄደ ይባላል።

እኛ ኩራት ነው አልን። ልጆቻቸው ሐሳበኛ ነው አሉ። እሳቸው ግን መስማት እያቆሙ ነበር። የሚያውቁት ወ/ሮ በለጥሽ ብቻ ነበሩ። እንጀራቸው ጆሯቸው ነውና፣ ደንቆሮ አድማጭ ማን ይቀጥራል ብለው ሁለቱም ዝም አሉ።

እንዴት ሠሩ ታዲያ? በ1994 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ሁለት እጃቸው በቧንቧ መፍቻ ተይዞ ፌሮዋን በጥርሳቸው ነክሰው ከአንድ ጉድጓድ ሊወጡ ሲያጎነብሱ፣ የፌሮዋ ጫፍ ቧንቧውን ነካ። አራት ዓመት የጠፋው ውሃ በአንዴ ራስ ቅላቸው ውስጥ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለባለቤታቸው ሲነግሯቸው «ከደጋ ጀምሮ የማውቃቸው ውሃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰላም አሉኝ» ነው ያሉት። ከዚያን ቀን ወዲያ በጥርሳቸው ሆነ የሚያዳምጡት፤ አንድም ቦታ ስተው አያውቁም። የሰፈር ልጆች ከኋላ ከኋላቸው እየተከተሉ «ጋሼ፣ ፌሮው ጨው አለው?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ዞር ብለው፣ ፈገግ ብለው፣ «ሐሙስ» ይላሉ።

ነገር የተበላሸው በጥር ወር 2006 ዓ.ም. ነው። የአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር መዝሙሩን ብቻዋን እንድትጀምር የተመረጠችው ኖላዊት ነበረች። ልጅቱ ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ ጀምራ የምትዘምር ናት፤ አባቷም ቀርተውባት አያውቁም። ሁሌም የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በዝማሬው ልክ ይወዘውዛሉ። ከበሮው በወንበሩ እንጨት አልፎ አጥንታቸው ውስጥ እንደሚመታ፣ የሚያዳምጡትም እሱን ብቻ እንደሆነ ኖላዊት ከየት ትወቅ?

በዚያን ቀን ግን የመጀመሪያው ክፍል ያለ ከበሮ ነበር። ኖላዊት ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የአቶ ሽመክት ወንበር ግን ከበሮ የለምና አልተንቀጠቀጠም። ቆዩ። ቆዩ። ከዚያም ወደ ጎናቸው ዞር ብለው፣ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ከፍ ባለ ድምፅ፣

«ምነው ዛሬ መዝሙሩ አልጀምር አለ?» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኛም ስቀናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ኖላዊት ዓይኗን ገለጠች። ከአባቷ ፊት በቀር ያየችው የለም፤ እሳቸው ደግሞ ሰው የሚስቀው ለምን እንደሆነ ባያውቁም አብረው ይስቁ ነበር። መዝሙሩን አልጨረሰችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ወር በአንድ ቤት ውስጥ አባቷን አላናገረችም፤ መዘመርም ተወች። ወ/ሮ በለጥሽ ሲለምኗት «እማዬ፣ እኔ ስዘምር ሰምቶኝ አያውቅም። ፊቴ ተቀምጦ ሐሳቡ ቧንቧ ውስጥ ነው» አለቻቸው። እናት ልጃቸው እውነቱን በስሕተት እንደተናገረችው ያውቃሉ፤ ግን የባላቸው ምስጢር ነው። ባልየው ደግሞ ጡረታቸው አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ቢናገሩ ሥራቸው፣ ባይናገሩ ልጃቸው። ያኔ አመሻሽ ላይ ከሥራ ተመልሰው አጥር ሥር ተቀምጠው ጫሞ ወዳለበት ሲያዩ እናያቸው ነበር። ውሃው ከዚያ አይታይም፤ እሳቸው ግን ያዩታል።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት አቶ ሽመክት ግቢያቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ሲነቅሉ አየናቸው። ለበዓል ጉዝጓዝ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ሣሩን በግራ እጃቸው፣ ፌሮዋን በቀኝ እጃቸው ይዘው ወደ ልጃቸው ክፍል ደጃፍ ሄደው ቆሙ።

ለማያውቅ እንናገር። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከቆመ የተቆጣ ይበርዳል፤ ዱላ ያነሣም ያስቀምጣል። ሣሩን አልፎ የሚሄድ የለም። ነገር ግን ሽማግሌ ለአገር ይቆማል እንጂ አባት በገዛ ልጁ ፊት ሣር ይዞ ሲቆም አይተንም ሰምተንም አናውቅም። ኖላዊት በሩን ከፍታ ስታያቸው ደነገጠች።

«አባዬ! ኧረ ነውር ነው! ሰው ያያል!» አለች።

«ምን እንደምትዪ አላውቅም፤ አፍሽን በእጅሽ ጋርደሽዋል» አሉ አቶ ሽመክት። «ጆሮዬ ከሞተ ቆየ፣ ልጄ። እናትሽ ታውቃለች። ያን ቀን መዝሙሩን የጀመርሽ አልመሰለኝም። ይኸው ነው።»

ልጅቱ እናቷን አየች። ወ/ሮ በለጥሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አቶ ሽመክት የፌሮዋን አንድ ጫፍ ለልጃቸው ሰጡና ከአንገቷ በታች፣ በደረቷ አጥንት ላይ እንድታስደግፈው በእጃቸው አሳዩአት። ሌላውን ጫፍ ነከሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርጥቡ ሣር አሁንም በእጃቸው ነበር።

ኖላዊት ያንን በጥር ያቋረጠችውን መዝሙር ከመጀመሪያው ጀመረችው። እኛ በአጥሩ ማዶ በግ ልንገፍፍ የያዝነውን ቢላ እንደያዝን ቀረን። የአቶ ሽመክት ፊት ጎህ ሲቀድ መሬት ላይ ፌሮ ተክለው ሲያዳምጡ የነበረው ፊት ሆነ። ስትጨርስ ፌሮዋን ከአፋቸው አወጡና፣

«የውሃ ድምፅ ይመስለኝ ነበር ከሁሉ የሚጥመው» አሉ። «እንዲህ ነው እንዴ የምትዘምሪው? ይህን ሁሉ ዓመት?»

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም የጆሯቸው ትንንሽ አጥንቶች እንደደረቁ፣ ድምፅ በራስ ቅል በኩል ግን እንደሚገባላቸው አስረዳ። እሳቸው ይህንን በፌሮ ካወቁት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ሁለት ቀን አደረጉትና «በሰፈራችን ይህን ያህል ዶሮ አለ እንዴ!» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ጓደኞቻቸው ፊት ቆመው ምስጢራቸውን ተናዘዙ። ከዚያ የጥገና ክፍሉ አለቃ ሰይፈሥላሴ ተነሥቶ፣ አፉ በደንብ እንዲታይ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሽ ሽመክት፣ እኛ ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊትዎ እየዞርን የምናወራው መልክዎ አምሮን መስሎዎት ነው?» አላቸው። ለካ እነሱም ከእሳቸው ደብቀው ኖረዋል።

አቶ ሽመክት በጡረታ ዘመናቸው የእድራችን የውሃ ኃላፊ ነበሩ። ለቅሶ በተሰማበት ቤት ሁሉ ድንኳኑ ሳይተከል የእሳቸው ሰማያዊ በርሜል ሞልቶ ይገኛል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ አይወዱም፤ የማንም ግቢ ይሁን ገብተው ዘግተው ይወጣሉ። በዚህ የተነሣ በር ሳያንኳኩ ሰው ቤት የሚገቡ ብቸኛው ጨዋ ሰው ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ከዘንድሮው መስቀል ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። በመጨረሻዎቹ ቀናት እንቅልፋቸውና ንቃታቸው ተቀላቅሎ ነበር። አንዳንዴ ጨንቻ ናቸው፤ «ጥለት ጀመሩ» ይላሉ። አንዳንዴ መታጠፊያው ላይ ናቸው፤ «የተኛው ነቃ» ይላሉ።

ያን ሰሞን የውሃ መግፊያው ፓምፕ ለጥገና ቆሞ በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ነበር። ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት አቶ ሽመክት ጥርት ብለው ነቁና ፌሮዋን ጠየቁ። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነውና ኖላዊት አንዱን ጫፍ በመስኮት አውጥታ ደጅ ካለው ቧንቧ ጋር አገናኘችው፤ ሌላውን በጥርሳቸው እንዲይዙ ደገፈችላቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣

«የሴቻ ታንከር ሞልቷል፤ ወደ እኛ እየወረደ ነው። የእድሩን በርሜል አስጠጉ» አሉ።

«ማን ሞተና?» አሉ ወ/ሮ በለጥሽ፣ አፋቸውን እያሳዩ።

«ሐሙስ አይደል?» አሉ አቶ ሽመክት፤ ለሚስታቸው ፈገግ አሉ።

ቀጥለው የፌሮዋን ጫፍ ወደ ልጃቸው አዞሩት። ኖላዊት ገባት። በደረቷ አጥንት ላይ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ ያንኑ መዝሙር ጀመረች። ሲያልቅ ደገመችው። በሁለተኛው መካከል ጥርሳቸው ፌሮዋን ለቀቀ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደጅ ያለው ቧንቧ አየር ተፋ፣ ተንጎራጎረ፣ ከዚያም ውሃው መጣ። ዘጠኝ ቀን ክፍት የቀረ ቧንቧ ነበርና ግቢው ላይ ይወርድ ጀመር። በዚያ ቤት ውሃ ያለ ከልካይ ሲፈስ ያየነው ያን ዕለት ብቻ ነው። ልዘጋ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ወ/ሮ በለጥሽ እንባቸውን ጠርገው ተነሡ፤ ቧንቧውን ግን አልዘጉም። ሰማያዊውን በርሜል ጎትተው ሥሩ አኖሩት።

ዛሬ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን በዚህ ድንኳን ውስጥ በብርጭቆ የደረሳችሁ ውሃ ያ ነው።

አቶ ሽመክት ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሌላ በከተማው ውስጥ እሳቸው ቆፍረው ያስገኙትን ውሃ ሲጠጣ የኖረ ሁሉ ኀዘንተኛቸው ነው። ከደጋም ከቆላም መጥታችሁ ያጽናናችሁን፣ እግራችሁን እርጥብ ሣር ይቀበለው።

እግዚአብሔር አምላክ የአባታችንን የገብረ ሚካኤልን ነፍስ ከሕይወት ውሃ ምንጭ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም እንደ ለምለም ሣር ያለ መጽናናት ይስጥ። እኛ በአጥር ላይ ሰባቴ ጠርተናቸው አልሰሙንም። ጌታቸው ግን ሐሙስ ጠዋት አንድ ጊዜ ጠራቸው፤ ሰሙት።